እህቲቱን ያላወቋት መልእክተኞች

ሽማግሌዎቹ ከቃሊቲ የተመለሱት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሦስቱም የእድራችን ሰዎች ናቸው። ሦስቱም በልተው ጠጥተው ፊታቸው ወዝቶ ነበር። ከመካከላቸው ቀድመው የሚናገሩት፣ ጥጉ ላይ የሸቀጥ ሱቅ ያላቸው ሰውዬ፣ ገና ሳይቀመጡ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«በል እንግዲህ ደስ ይበልህ፤ ልጅህን አየናት» አሉት አባቴን።

«ተመስገን።»

«ደህና ናት። ኧረ እንዲያውም ወፍራለች! ቤቱ ተስማምቷታል።»

«ተመስገን» አለ አባቴ እንደገና።

በሩ አጠገብ ቆሜ ቀጥሎ የሚጠይቀውን እጠብቅ ነበር። ልጁ ከአሥር ዓመት በኋላ የታየችለት ሰው የሚጠይቀው አያጣም ብዬ ነው። ምን አለች? ማንን ጠየቀች? ወልዳለች? እሱ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ «ስለ ትንሿስ ምን ተባባላችሁ?» አለ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የታየችው ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ታማ ስትተኛ ሁለታችንም ትምህርት አቋረጥን፤ እሷ ከስምንተኛ ክፍል፣ እኔ ከአራተኛ። እናታችን ካረፈች በኋላ እኔንና ታናሻችንን ያሳደገችን እሷ ናት። የእርሻ መሬታችን ተወስዶ ኮንዶሚኒየም ሲሠራበት አባቴ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። በዚያ ዘመን ነው ቃሊቲ ትልቅ የእህል መጋዘን ያለው ቤተሰብ እህቴን ለበኩር ልጁ የጠየቃት። አባቴ ሰጠ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ የመጋዘኑን ቁልፍ አስረከቡት፤ ጠዋት የሚከፍተው፣ ማታ የሚዘጋው እሱ ሆነ። እስከዚያ እሑድም እሱ ነበር።

እህቴን ግን ከዚያ ወዲህ ያየ የለም። የመልስ ግብዣው ከክረምት በኋላ ይሆናል ተባለ፤ ክረምቱ አለፈ፣ ግብዣውም አለፈ። ስልኳ ላይ ስደውል አማቷ ያነሳሉ። ተኝታለች ይሉኛል፣ ገበያ ወጥታለች ይሉኛል፣ ጸበል ሄዳለች ይሉኛል። በኋላ ቁጥሩ መሥራት ተወ። ሁለት ጊዜ እግሬን አንስቼ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ «እመቤቲቱ የሉም» ብሎ መለሰኝ። አባቴ ሲሰማ «እንጀራዬን ልትዘጊ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። መጋዘኑና መኖሪያ ቤታቸው ለየቅል ነው። አማቹን ግን በየሳምንቱ ያገኘዋል። ደህና ናት ይለዋል፤ አባቴም ደህና ናት ይለናል።

ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ታክሲ መንገድ ላይ መሆኑ ነው የሚገርመው። ከእኛ ሰፈር ቃሊቲ ቅርብ ነው። ሰው አገር አቋርጦ ዓረብ አገር ሄዶ ድምፁን ያሰማል።

አሁን ያው ቤት ታናሻችንን ለሁለተኛ ልጁ ጠየቀ። አባቴ ለመስጠት ከጅሎ ነበር። «መጀመሪያ የፊተኛዋን አሳዩን» ብዬ ስለወተወትኩት ነው ሦስቱን ሽማግሌዎች «ለትንሿ ነገር ስትሄዱ እግረ መንገዳችሁን ልጄን እዩልኝ» ብሎ የላካቸው። እነሱም አየናት ብለው መጡ።

«ምን አለቻችሁ?» አልኩኝ ከበሩ።

ባለሱቁ ዞር ብለው አዩኝ። «ምን ትበል?»

«ሰላምታ ነዋ። ስለ እኛ አልጠየቀችም?»

«ጨዋ ልጅ ሽማግሌ ፊት ቆማ አትለፈልፍም፤ እንዳንቺ።» ሁለቱ ሳቁ። «ፊቷን በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ አስታጠበችን፣ ማዕድ አቀረበች፣ ጉልበት ስማ ወጣች። እንዲህ ነው የተቀጣ ልጅ።»

አባቴ ሊያየኝ አልፈለገም። የወንዱ ወገን በሁለተኛው እሑድ መጥቶ ቁርጡን እንዲሰማ ተስማሙና ተለያዩ።

ታናሻችን ከሥራ ስትገባ ነገርኳት። ሳሪስ አንድ ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል።

«ወፍራለች? እትዬ?» አለች ቦርሳዋን እየወረወረች። «ፎቶዋን በቴሌግራም ይላኩልን በያቸው።»

«ጠይቀናቸው የላኩትን ረሳሽው?»

የሠርጉን ቀን ፎቶ ነበር የላኩልን። እሱማ እኛም ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል።

«እና አባዬ ሊሰጠኝ ነው?»

«ልቡ እዚያው ነው።»

«ልጁ እኮ አንድ ቀን እንኳ አናግሮኝ አያውቅም። በመኪናው መስኮት አይቶኝ ነው። ሶፋ እንኳ ሰው ቁጭ ብሎ ሞክሮ ነው የሚገዛው።»

ሳቀች፤ ግን ያን ማታ ራት አልበላችም።

ትምህርቴን የቀጠልኩት እህቴ ከሄደች በኋላ ነው። ከአምስተኛ ክፍል ጀመርኩ፤ የማታ ተማሪ ሆኜ፣ ለልጆች በተሠራ ዴስክ ላይ ጉልበቴን አጥፌ። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ በኤክስቴንሽን ታሪክ እማራለሁ። በሰፈሬ «ምን ሊሠራልሽ?» የማይለኝ የለም። የማነበውን ግን እስከ ጥጉ አነባለሁ፤ ያልገባኝን ዓረፍተ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልወድም።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ትምህርቱ የጥንት ግብፆችና ጎረቤቶቻቸው የሚል ነበር። መምህሩ ፎቶ ኮፒ አድለውን ነበርና በዋዜማው አንብቤዋለሁ። ግብፅ በቤተ መቅደሶቿ ግድግዳ ላይ ጎረቤት የላትም፤ ያላት ጠላት ብቻ ነው። ፈርዖኑ የጎረቤቱን ፀጉር ጨብጦ በዱላ ሊመታ እጁን አንስቶ ይታያል። በስተደቡብ ያሉት፣ ወደ እኛ የሚቀርቡት የኩሽ ሰዎችና በስተምሥራቅ ያሉት እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ ንጉሡ ጫማ ላይ፣ በመርገጫው በኩል ተሥለዋል። ንጉሡ በተራመደ ቁጥር ይረግጣቸዋል ማለት ነው። ታናሻችን፣ ስታሾፍብኝ ቲቸር የምትለኝ፣ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ ሥዕሉን አይታ «ውይ ቲቸር፣ ይሄን ለእኔም በታኮ ጫማ ያሠሩልኝ። የምረግጠው ሰው ስም ዝርዝር አለኝ» ብላ ነበር።

ለሌሎቹ ነገሥታት ሲጻፍ ግን ቋንቋው ሌላ ነው። ግብፅ ውስጥ ከአንድ ፍርስራሽ ከተማ ተቆፍረው የወጡ፣ በባቢሎን ቋንቋ የተጻፉ የሸክላ ሰሌዳዎች አሉ። ነገሥታቱ በእነዚህ ላይ «ወንድሜ» ይባባላሉ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሚስቶቼ ደህና ናቸው፣ ፈረሶቼ ደህና ናቸው፤ አንተስ? ከዚያ ወርቅ ያነሰበት ያጉረመርማል፣ ሴት ልጅ የፈለገ ይጠይቃል። ፈርዖኑ ከሁሉም ሴት ልጅ ይወስዳል፤ ለማንም አይሰጥም። ከጥንት ጀምሮ የግብፅ ንጉሥ ልጅ ለማንም ተሰጥታ አታውቅም ይላል። የባቢሎን ንጉሥ ተናዶ የመለሰው አለ። አንተ ንጉሥ ነህ፣ ማን ይከለክልሃል? የራስህን ልጅ ካልሰጠኸኝ አንዲት ቆንጆ ሴት ልጄ ናት ብለህ ላክልኝ፤ የንጉሥ ልጅ አይደለችም የሚል ማን አለ? ይለዋል። እዚህ ላይ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ልጅ ሲባል ለካ ማንም ብትሆን ግድ አልነበራቸውም።

ልቤን የነካው ግን ከዚህ በፊት ያለው ሰሌዳ ነው። ፈርዖኑ የባቢሎኑን ንጉሥ ልጅ ጠይቋል። ባቢሎን ደግሞ እንዲህ አለ፤ እኅቴን አባቴ ሰጥቶህ እዚያ ናት፣ በሕይወት ትኑር ትሙት ያያት ሰው የለም፣ አሁን ደግሞ ልጄን ትጠይቀኛለህ? መልእክተኞቹ ሄደው ነበር። ሚስቶቹ ተሰብስበው ቆመው «እነሆ፣ ፊታችሁ የቆመችው እመቤታችሁ ናት» ተባሉ። መልእክተኞቹ አላወቋትም። ፈርዖኑ በመልሱ ያፌዛል። የሚያውቃት፣ ሊያናግራት የሚችል ትልቅ ሰው ላክህ ወይ? የላክሃቸው እኮ ተራ ሰዎች ናቸው፤ አንዱማ አህያ ነጂ ነው ይላል።

መምህሩ ይህን የግብፅ የበላይነት ምልክት አድርገው አስረዱን። ልክ ናቸው፤ ምልክቱ ነው። እኔ በክፍል ውስጥ እጄን አንስቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አነሳሁ።

«የልጅቷስ ነገር ምን ሆነ?»

«የትኛዋ?»

«የእህቱ። እሷ ነበረች ወይስ አልነበረችም?»

«ምንጭ የለም» አሉ መምህሩ። «ከእሷ የመጣ ሰሌዳ የለም።»

ከኋላ አንዱ «አግብታ ተመችቷት ይሆናላ!» አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ባለሱቁ ነበሩ ዓይኔ ላይ የመጡት። «ፊቷን በነጠላዋ ሸፈን አድርጋ» ያሉት። ሦስቱም እህቴን በደንብ አይተዋት አያውቁም፤ ያኔ እንኳ በጓዳ በር የምትወጣ የምትገባ ልጅ ነበረች።

ከታክሲ ወርጄ በቀጥታ ሱቃቸው ሄድኩ። ስኳር እየመዘኑ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እህቴ ስታስታጥባችሁ ማንቆርቆሪያውን በየትኛው እጇ ነበር የያዘችው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«በእግዜር ይዤዎታለሁ።»

«በቀኟ ነዋ! ሰው በግራው ያስታጥባል እንዴ? ነውር አይደለም?»

ነውር ነው። እናቴም ነውር ነው ብላ ብዙ ጊዜ መታታለች፤ አንድ ጊዜ ግራ እጇን በመቀነት ከወገቧ ጋር አስራባት አይቻለሁ። እህቴ ግራኝ ናት። በቀኟ ስትቀዳ ውሃው ከሳህኑ ውጭ ይፈስባታል። እንግዳ ሲመጣ ሳህኑን በቀኟ፣ ማንቆርቆሪያውን በግራዋ ትይዝና ፊቷ ይቀላል፤ ግን አትለውጥም ነበር።

ለአባቴ ነገርኩት። ካቦርቱን ሳያወልቅ ሰማኝና «እና?» አለ።

«እና እሷ አይደለችም።»

«አሥር ዓመት የሰው ቤት ኖራ ልማዷን አትተውም?»

«ትተወው ይሆናል። አየናት ካልን ግን ማየት አለብን። የሚያውቃት ሰው ይሂድ። እኔ ልሂድ።»

«ሴት ሽማግሌ የት አገር አይተሻል?» ድምፁ ከፍ አለ። «መጽሐፍ ያዞረሽ! ፈርዖን ፈርዖን ስትይ የገዛ አባትሽን ልታዋርጂ ነው? አየናት ብለዋል፤ አለቀ!»

ሲቆጣ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ቁጣው ውስጥ ሌላ ነገር ነበረ፤ ያኔ አልለየሁትም።

በነጋታው ከታናሻችን ጋር ተመካከርን። ዘበኛው ለእኔ በሩን እንደማይከፍት አውቃለሁ። ለእሷ ግን ይከፍታል፤ የምትፈለገው እሷ ናት።

ረቡዕ ዕለት፣ አባቴ መጋዘን ሳለ ሄድን። ቃሊቲ እንደ ወትሮው አቧራና ናፍጣ ነው፤ ተሳቢ መኪኖች በሩ ድረስ ተደርድረዋል። ታናሻችን ፀጉሯን ተሠርታ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ደወሉን ተጫነች። ዘበኛው አያት፣ ወደ ውስጥ ሮጠ፣ ተመልሶ መጣና ሁለቱንም መዝጊያ ከፈተው። እንዲህ ወለል ብሎ ሲከፈት አይቼው አላውቅም።

አማትየዋ ሳሎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ታናሻችንን ሁለት ጉንጯን፣ ደግሞ እንደገና ሳሟት። እኔን ጨበጡኝ።

«ሙሽሪት ራሷ መጣች! ዘመኑ እንዲህ ሆነ?»

«እትዬን ላይ ነው የመጣሁት» አለች ታናሻችን።

«ትንሽ አረፍ ብላለች የኔ ልጅ። ሌላ ቀን...»

«እሺ። እሷን ካላየሁ እናንተም እኔን አታዩኝም። ሌላ ቀን ይሁን።» ቦርሳዋን አነሳች።

የሴትየዋ ፊት ተለዋወጠ። የቴሌቪዥኑን ሪሞት ሶፋው ላይ ወረወሩት። «ቆይ ምንድን ነው እናንተ ሰዎች ሁልጊዜ እኛን የምትከሱት? በመጀመሪያው ዓመት እውነት ነው፣ አልሸሽግም፣ ከበር እንዳትወጣ ብያለሁ፤ ባለቤቴ ሽባ ሆኖ ተኝቶ ነበርና የሚያነሳው ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን ከለከላት? ራሷ ናት እንቢ ያለችው! ስልኩን ራሷ ናት የሰበረችው! አንቺ! ነይ ውጪ! እህቶችሽ ናቸው፤ ነይና ለራሳቸው ንገሪያቸው!»

ከውስጠኛው ክፍል ወጣች። አልወፈረችም። አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ፀጉሯም ከፊት ሸብቷል። እጇን በሽርጧ እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች፤ ልትስመን አልቀረበችም።

«ማን ላካችሁ?» አለች።

«ማንም» አልኩ።

«አባትሽ አላወቀም?»

«አላወቀም።»

ያኔ ነው የተቀመጠችው። ታናሻችን ለቅሶ ጀመራት፤ እህቴ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ያሳደገቻት ልጅ ናት፤ አሥር ዓመቷ ሳለ ነው የተለየቻት።

«ባለፈው ሳምንት እሑድ ሽማግሌዎች መጥተው ነበር» አልኩ። «አየናት አሉ።»

«አላዩኝም። ጥሩኝ ሲሉ አልወጣም አልኩ። እሳቸው» ወደ አማቷ በአገጯ እያመለከተች «አፈሩና ሠራተኛዋን ነጠላ አልብሰው አስወጧት። እኔ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። እጃቸውን ታጠቡ፣ በሉ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቀና ብሎ 'አንቺ ነሽ ወይ?' አላላትም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ አማትየዋ። «የሰው ሽማግሌ ባዶ ልመልስ? አንቺ ነሽ ያዋረድሽኝ!»

«አሁንም አዋርድዎታለሁ። ይስሙ።» ድምፅዋ ከፍ አላለም። ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ቤት መጥቻለሁ። ታውቂያለሽ?»

«የት ቤት?»

«ቤታችን። በመጀመሪያው ክረምት። ከዚህ በአጥር ዘልዬ። ዝናብ ነበር፤ ጫማ አልነበረኝም። አንቺ ወፍጮ ቤት ሄደሻል፣ ይቺ የክረምት ትምህርት ላይ ናት። አባትሽ በር ላይ ቆሞ ነበር። 'ቁልፉን ይቀሙኛል፣ ተመለሺ' አለኝ። አላስገባኝም። ጫማ እንኳ ልስጥሽ አላለኝም። ታክሲ ተራ ድረስ ራሱ ወሰደኝና ራሱ አሳፈረኝ። ለወያላውም 'ቃሊቲ አውርዳት፣ ሌላ ቦታ እንዳትወርድ' ብሎ ነገረው።»

አማትየዋ ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«ስመለስ እዚህ በሩን ከፈቱልኝ» አለች። «ደበደቡኝ፤ ግን ከፈቱልኝ። ከዚያ በኋላ የአባትሽ ቤት የሚባል የለኝም ብዬ ማልኩ። ከእሱ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ፣ አንቺም ብትሆኚ፣ አይቶኝ እንዳይሄድ። አየኋት ብሎ ተመስገን እንዳይል።»

«ብሏል» አልኩ። «ሁለት ጊዜ።»

«ሌላ አልጠየቀም?»

«አልጠየቀም።»

ሳቀች። ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

ሌላ የምለው ስላጣሁ ይሁን ወይም ይዤው ስለመጣሁ፣ የባቢሎኑን ንጉሥ ነገርኳት። እህቱ የጠፋችበትን፣ መልእክተኞቹ ያላወቋትን፣ ፈርዖኑ አህያ ነጂ ላክህ ያለውን። በትኩረት ሰማችኝ። ድሮም ከትምህርት ቤት የወጣችው ወድዳ አልነበረም።

«ኋላ ንጉሡ ምን አደረገ? ልጁን ከለከለ?»

«መሰጠቷን የሚናገር ሰሌዳ አላየሁም። ግን 'ልጄ ደርሳለች፤ ሰው ልከህ ውሰዳት' ብሎ የጻፈው አለ።»

«እህቱን ሳያይ?»

«ሳያይ።»

«ለምን?»

«ወርቅ ይፈልግ ነበር።»

«አባትሽን ያን ጊዜ ከየት አገኙት?» አለች። ታናሻችን እያለቀሰች ሳቀች።

ከዚያ እህቴ ተነስታ ውሃ ይዛ መጣች። ሰው ቤት ገብቶ ሳይቀምስ አይወጣም አለች፤ በዚያ ቤት የእሷ የሆነ ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ይመስል። ሳህኑን በቀኟ፣ ማንቆርቆሪያውን በግራዋ። አማትየዋ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ፤ አሥር ዓመት ያዩት ነገር መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ውሃው ለብ ያለ ነው። አንድ ጠብታ ከሳህኑ ውጭ አልወደቀም።

«አባትሽን ንገሪው» አለችኝ እያስታጠበችኝ። «ይቺን ቢሰጥ፣ ሠርጓ ላይ እመጣለሁ። ድንኳኑ መሃል ቆሜ፣ እድሩ በሙሉ ተቀምጦ ሳለ፣ ያን ቀን በር ላይ ያደረገውን እናገራለሁ። በሌላ ነገር አይመለስም፤ አውቀዋለሁ። በዚህ ይመለሳል።»

«ነይ ከእኛ ጋር እንሂድ» አለች ታናሻችን።

«ወዴት?»

ታናሻችን መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ዓይኗን ሸፈነች።

ለአባቴ ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደረስኩ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሰማኝ። ዝናብ ነበር የሚለውን ስነግረው «ዝናብ አልነበረም» አለ። ከነገርኩት ሁሉ የካደው ያንን ብቻ ነው። ያ ከቁጣው ሥር የነበረው ነገር ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሽማግሌዎቹን ያልጠየቃቸው ላለማወቅ አልነበረም፤ ያውቅ ነበር።

እሑድ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች መጡ። አራት ናቸው፤ የሚናገሩላቸው ሰው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀመጡ። የእኛ ባለሱቅም ነበሩ። ታናሻችን መጋረጃው ኋላ ቆማለች።

«እንግዲህ በፊትም የተጋባን ነን» አሉ ሰውዬው። «አንዷን ሰጥታችሁ አልከፋችሁም። ሁለተኛዋንም...»

«ልጅቷ ትምህርት ላይ ናት» አለ አባቴ።

መጋረጃው ኋላ ሳቅ የመሰለ ነገር ተሰማ።

«ፀጉር ቤት አይደለም እንዴ የምትሠራው?»

«ልትጀምር ነው።»

ሰውዬው ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ ናት ያስተማረችህ? ረቡዕ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ሴትዮዋን ያስለቀሰችው?»

«የሰው ቤት ሄደሽ?» አሉኝ ባለሱቁ ብድግ ብለው። «እኛ አይተን የመጣነውን?»

«እናንተ ያያችሁት የቤት ሠራተኛቸውን ነው» አልኩ። «እህቴ በመስኮት አይታችኋለች። ስትበሉ።»

ባለሱቁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቃቸው ስገባ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ ይወረውሩልኛል።

«ተወው» አሉ የወንዱ ሽማግሌ እየተነሱ። «ሴት ልጅ የሚመክረውን ቤት ዝምድና ምን ያደርግልናል? ቁልፉን ግን ነገ ጠዋት ለሌላ ሰው ታስረክባለህ። ያንን ለመስማት ሳትዘጋጅ አልቀረህም።»

አባቴ ሲወጡ እስከ በር ሸኛቸው፤ ወግ ነውና።

ታናሻችን ከመጋረጃው ኋላ ወጣች። ታመሰግነኛለች ብዬ አልጠበቅኩም፣ ግን ቢያንስ እፎይ ትላለች ብዬ ነበር።

«ትምህርት ላይ ናት?» አለች። «አንዱ ሰጠኝ፣ አንዷ ነሳችኝ፣ አንዷ ድንኳን ውስጥ እጮሃለሁ አለች። እኔን 'ትፈልጊያለሽ?' ያለኝ አለ? አልፈልግም እል ነበር እኮ! ራሴ! በገዛ አፌ! ያንን ነው የወሰዳችሁብኝ፣ ቲቸር።» በሩን ደርግማ ወጣች።

አባቴ አሁን ቤት ነው የሚውለው። ከእኔ ጋር አይነጋገርም፤ «እህል አለ?» «መብራት ጠፋ?» ከሚለው በስተቀር። እህቴ አልመጣችም፤ ስልክ ግን ገዝታ ለታናሻችን ደውላላታለች፣ ለእኔ አይደለም። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከትምህርቴ ስመለስ ሳሪስ ፀጉር ቤቱ እሄዳለሁ፤ ወሬዋን የምሰማው እዚያ ነው።

ድሮ አባቴ ምሳ ሲቀርብ እጁን ዘርግቶ ይጠብቀኝ ነበር። አሁን ማንቆርቆሪያውን ይዤ ስቀርብ ይነሳና ደጅ ወጥቶ ከቧንቧው ራሱ ይታጠባል። ክረምት ነው። በዝናብ ይወጣል፣ በዝናብ ይገባል፤ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል።